አሞራውን የሚያወጣው አየር አውሮፕላኑን ለምን ይንጠዋል?

የፍሉይድ ሜካኒክስ ኮርስ ሊያልቅ ሲል ተርቡለንስ የሚባለው ምዕራፍ ሁልጊዜ ጥድፊያ ላይ ይወድቃል። ሴሚስተሩ አልቋል፣ ፈተናው ደርሷል፣ «ይህን እንኳ ራሳችሁ አንብቡት» ይባላል። እኛም ይዘነው የምንወጣው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ፈሳሽ ቀስ ብሎ ሲሄድ በንብርብር ይፈስሳል፣ ሲፈጥን ደግሞ ይታመሳል። በማንችስተር ያስተምር የነበረው ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀለም እየለቀቀ ያሳየው ይህንኑ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቁጥር 2,000 አካባቢ እስኪደርስ ድረስ ቀለሙ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ሲሆን ክሩ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ይበጣጠሳል፣ ቱቦው በሙሉ ቀለም ይሆናል።

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ቱቦ ውስጥ ያለውን ሳይሆን ከራሳችን በላይ ያለውን ሁከት ነው። ምክንያቱም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተርቡለንስ ተመራማሪዎች፣ የእንስሳትን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ ባዮሎጂስቶችና ትናንሽ አውሮፕላኖችን የሚነድፉ መሐንዲሶች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ጀምረዋል። ያገናኛቸው አሞራ ነው። አሞራ ደግሞ እኛም ዘንድ አለ።

በበጋ ወራት ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ ወይም ወደ በደሌ የተጓዘ ሰው መንገዱ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ሲወርድ ያየውን ያስታውስ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ጥንብ አንሳዎችና ጭልፊቶች ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አንዴም ሳያርገበግቡ፣ እየዞሩ ሽቅብ ይወጣሉ። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አየር ውስጥ በትንሽ አውሮፕላን የሚያልፍ መንገደኛ ግን ቀበቶውን አጥብቆ ወንበሩን ይጨብጣል። አየሩ አንድ ነው። ታዲያ አንዱን እንደ አሳንሰር የሚያወጣው አየር ሌላውን ለምን በቅል እንዳለ ወተት ይንጠዋል?

መጀመሪያ አየሩን እንየው። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የዴዴሳ ድልድዮች ደግሞ ከከተማዋ ከ700 ሜትር በላይ ዝቅ ብለው ነው የሚገኙት። ፀሐይ ስትወጣ የታረሰ መሬት፣ ሣር፣ ጫካ፣ የቆርቆሮ ጣሪያና ድንጋያማ ተረተር እኩል አይሞቁም። ይበልጥ የሞቀው አየር ቀልሎ ይነሣል፤ ይህን የሚወጣ የሞቃት አየር ዓምድ ተርማል ይሉታል። ደረቅ አየር ሲወጣ በየ100 ሜትሩ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል። በዙሪያው ያለው አየር ከዚህ ባልተናነሰ መጠን ወደ ላይ እየቀዘቀዘ የሚሄድ ከሆነ ዓምዱ ከጎረቤቱ እንደሞቀ ስለሚቆይ መውጣቱን አያቆምም። ጠዋት ማለዳ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ሌሊት የቀዘቀዘው አየር እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ወርዶ ይተኛል፣ ከላይ ያለው ከታቹ ይሞቃል፣ ስለዚህም ማንም ከማንም አይነካካም።

ዓምዱ ሲነሣ ግን ቧንቧ ውስጥ እንዳለ ሆኖ አይሄድም። ጎኑ ከሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ጋር ይፋተጋል፣ ከፍትጊያውም አዙሪት ይወለዳል። ትልቁ አዙሪት ጉልበቱን ለመካከለኛው፣ መካከለኛው ለትንሹ እያወረሰ ይሄድና መጨረሻ ላይ ሚሊሜትር በሚያህል አዙሪት ውስጥ በቪስኮሲቲ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ይህን ሥዕል እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 አቀረበው፤ ሩሲያዊው ኮልሞጎሮቭ ደግሞ በ1941 ሒሳብ አለበሰው። ለሰፈራችን እናስላው ብንል፣ በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስና 100 ሜትር ስፋት ያለው አዙሪት ብንወስድ፣ የሬይኖልድስ ቁጥሩ 25 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ከቱቦው 2,000 ጋር ማወዳደር ነው እንግዲህ። ይህን የሚያህል ቁጥር ላቦራቶሪ ውስጥ ማግኘት ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ዴዴሳ ላይ በየቀኑ በነፃ አለ።

አሁን አሞራውን በሰዓት እንያዘው። በሰከንድ 12 ሜትር እየተንሳፈፈ አንድ ዙር በ15 ሰከንድ ቢጨርስ የዙሩ ራዲየስ 29 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አካሉን ወደ 27 ዲግሪ አዘንብሏል ማለት ነው። (የክብ እንቅስቃሴ ቀመር ነው፤ አንደኛ ዓመት ተምረነዋል።) በሰከንድ 50 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር የምትበር አነስተኛ አውሮፕላን በ30 ዲግሪ ብታዘነብል ደግሞ ራዲየሷ 440 ሜትር አካባቢ ነው። ተርማሉ 150 ሜትር ስፋት አለው እንበል። አሞራው ውስጡ እንደልቡ ይዞራል። አውሮፕላኗ መዞር ቀርቶ በቅጡ ሳትገባበት በ3 ሰከንድ ታልፈዋለች፤ በአንደኛው ጠርዝ ወደ ላይ ትገፋለች፣ በሌላኛው ትወድቃለች። ለአሞራው ደረጃ የሆነው ለእሷ የአስፋልት ጉድጓድ ነው።

ይህ ግን ግማሹ መልስ ነው። ብዙ ሰው «አሞራ ቀላል ስለሆነ አይሰማውም» ሲል እሰማለሁ። እስቲ ይህንንም እናስላ። የወፍን ወይም የአውሮፕላንን ክብደት ለክንፉ ስፋት ስናካፍል እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ክንፍ ስንት ኪሎ እንደሚሸከም እናገኛለን። 4.5 ኪሎ የሚመዝንና 0.6 ካሬ ሜትር ክንፍ ያለው ንስር 7.5 ኪሎ ያሸክመዋል። ሙሉ ጭነቷን የያዘች ሴስና 172 (1,111 ኪሎ፣ 16.2 ካሬ ሜትር) 69 ኪሎ ገደማ። ሁለቱም በሰከንድ 3 ሜትር የሚወጣ ድንገተኛ ነፋስ ቢገጥማቸው፣ በእኛ ከፍታ አየር፣ በተለመደው የክንፍ ቀመር ሴስናዋ ግማሽ ጂ የማይሞላ ግፊት ይደርስባታል፤ ንስሩ ግን አንድ ሙሉ ጂ ማለት ይቻላል። ያም ማለት ለቅጽበት ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አሞራው ከአውሮፕላኗ በላይ መናጥ ነበረበት። ታዲያ ለምን ተረጋግቶ ይታየናል?

አንዱ መልስ ትከሻው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲና የእንግሊዙ ሮያል የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች አንዲት የሠለጠነች ጉጉት ከታች በሚነፉ ማራገቢያዎች ላይ እየተንሳፈፈች እንድታልፍ አደረጉና በፈጣን ካሜራዎች ቀረጿት። ነፋሱ ሲመታት ክንፎቿ ከትከሻ ተነሥተው ወደ ላይ ይሄዳሉ፣ ጭንቅላቷና ደረቷ ግን በነበሩበት መስመር ይቀጥላሉ። የሚገርመው ይህ የሚሆነው አእምሮ አዞ ጡንቻ ከመታዘዙ በፊት ነው፤ የክንፉ ክብደት አቀማመጥ ራሱ ሥራውን ይሠራዋል። የመኪና ባሌስትራ ማለት ነው። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ተሳፋሪው ግን እምብዛም አይሰማውም። የዛሬዎቹ ትናንሽ አውሮፕላኖችና ድሮኖች ክንፍ ከአካሉ ጋር በብሎን የታሰረ ስለሆነ ባሌስትራ የላቸውም፤ መሐንዲሶቹ ጉጉቷን የሚያጠኗትም ለዚሁ ነው።

ሁለተኛው መልስ ለእኔ የበለጠ ያስደንቀኛል፤ ይህን ጽሑፍም የጻፍኩት በእሱ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ኬሲ ሎራንና መምህሯ ግሪጎሪ ቢውሊ፣ ከወፍ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ የአንድ ወርቃማ ንስርን በረራ የሚተነትን ጥናት አሳተሙ። ንስሩ በ2016 አላባማ ውስጥ ተይዞ ጂፒኤስና አክስለሮሜትር ያለው፣ በፀሐይ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ጀርባው ላይ ታስሮለት ተለቀቀ። በ17 ቀናት ውስጥ መሣሪያው የላከው መረጃ በግራፍ ሲነሣ የተዝረከረከ ነገር ይመስላል። ባዮሎጂስቶች እንዲህ ያለውን «ኖይዝ» ብለው ያጣሩታል። እነ ሎራን ግን የሚጣለውን አነሡና መረመሩት። ከግማሽ ሰከንድ እስከ 10 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ የንስሩ አክስለሬሽን (የፍጥነት ለውጡ) በሁከት ውስጥ የምትንሳፈፍ ደቃቅ ብናኝ የምታሳየውን ጠባይ ያሳያል። ነፋሱ ሲበረታም የንስሩ መናወጥ አብሮት ይጨምራል።

ስለ ብናኞቹ ጥቂት ልጨምር። በዚያው በኮርኔል እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ሌላ ሥራ አለ፤ በሁለት ተቃራኒ በሚሽከረከሩ ዲስኮች መካከል በሚታመስ ውኃ ውስጥ የፀጉር ውፍረት የማያክሉ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ተከታትለው፣ አክስለሬሽናቸው አንዳንዴ የመሬት ስበትን 1,500 ጊዜ እንደሚያጥፍ አገኙ። ሁከት ማለት ይህ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል፣ ድንገት ግን ከልክ ያለፈ ነገር ያመጣል። የንስሩም መረጃ እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ ይህ ነው (የራሴ ንባብ ነው፣ በጥናቶቹ ውስጥ በዚህ መልክ አልተጻፈም)። ከግማሽ ሰከንድ በታች የሆነውን ንዝረት ክንፉ እንደ ባሌስትራ ይውጠዋል። ከዚያ የረዘመውን፣ ማለትም አሥርና መቶ ሜትር የሚያህሉትን አዙሪቶች፣ አሞራው አይታገላቸውም፤ ይሳፈርባቸዋል። ከሩቅ የተረጋጋ የሚመስለን ከአየሩ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ነው። አውሮፕላኗ ግን ቀጥ ያለ መስመርና የተቆረጠ ከፍታ አላት፤ ስለዚህ እያንዳንዱ አዙሪት መንገድ ላይ የቆመ ዕንቅፋት ይሆንባታል።

ጥናቱን ሳደንቅ ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም። አንድ ንስር አንድ ንስር ነው። ሁለተኛ፣ ነፋሱ የተወሰደው ከአየር ትንበያ ሞዴል እንጂ ወፉ ካለበት ቦታ ተለክቶ አይደለም፤ ሞዴሉ ደግሞ ሸለቆና ተረተሩን አደብዝዞ ነው የሚያየው። እንደ ዴዴሳ ባለ ቦታ ይህ ችግር ይብሳል። ይህ ሁሉ ሆኖ ግን ሐሳቡ ጠንካራ ነው፤ ወፍን መለኪያ መሣሪያ ማድረግ ይቻላል።

በእርግጥ አሞራን እየተከተሉ አየርን ማጥናት አዲስ አይደለም፤ የተጀመረውም ከእኛው ጎረቤት ነው። እንግሊዛዊው ኮሊን ፔኒኪዊክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ ሞተር ባላት ተንሳፋፊ አውሮፕላን እየበረረ ከጥንብ አንሳዎች፣ ከሽመላዎችና ከሌሎች ወፎች ጋር በአንድ ተርማል ውስጥ ይዞር ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ ከእነሱ ጋር በማወዳደር ጀርባ ነጩ ጥንብ አንሳ አንድ ሜትር ሲወርድ 15 ሜትር ገደማ ወደፊት እንደሚንሳፈፍ ለካ። ከእሱ በኋላ የመጡት ሰውየውን በመሣሪያ ተኩት። በደቡብ አሜሪካ ኮንዶር በሚባሉት ግዙፍ አሞራዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት ወፎቹ ከበረራ ጊዜያቸው ክንፍ የሚያርገበግቡበት 1 በመቶ ብቻ እንደሆነ፣ አንደኛው እንዲያውም ከአምስት ሰዓት በላይ 172 ኪሎ ሜትር ያህል አንዴም ሳያርገበግብ እንደሄደ አሳየ። በ2018 ደግሞ የካሊፎርኒያ ሳንዲዬጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሁለት ሜትር ክንፍ ያላት ሰው አልባ ተንሳፋፊ ራሷ እየሞከረች እየተሳሳተች ተርማል መውጣትን እንድትማር አድርገዋል። ከአሞራ የተቀዳ ጥበብ ወደ አውሮፕላን ገባ ማለት ነው።

ወደ ወለጋ ልመለስ። ወለጋና አውሮፕላን ከተዋወቁ ቆይተዋል። በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔራል ማሊዮኮ የሚመራው የጣሊያን ቡድን በሦስት አውሮፕላኖች ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ አርፎ የጥቁር አንበሳ አርበኞች አውሮፕላኖቹን እንዳቃጠሉበት የታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ከጦርነቱ በኋላም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዲሲ-3 አውሮፕላኖች እንደ ደምቢዶሎና አሶሳ ባሉ ሜዳዎች ላይ ያርፉ ነበር። በዚህ ዓይነት ሜዳ ላይ የሚበር የትንሽ አውሮፕላን ፓይለት ጠዋትን የሚመርጠው ለሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ከላይ ያልኩት የተኛ አየር ነው። ሁለተኛው የአየሩ እፍጋት ነው። በነቀምቴ ከፍታ ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ ሲሞቅ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል አየር ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ይሆናል። ክንፉና ሞተሩ 2,900 ሜትር ላይ ያሉ ያህል ነው የሚሰማቸው። ለመነሣት የሚያስፈልገው ፍጥነት በ15 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ የሞተሩ ጉልበት ደግሞ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሜዳው ያጥራል። እንዲህ አቅሟ በሳሳበት ሰዓት ነው እንግዲህ ተርማሉ የሚመታት።

ይባስ ብሎ በዚያው ሰዓት አሞራዎቹም ሰማይ ላይ ናቸው። እዚህ ላይ ነገሩ ከፊዚክስ ይወጣል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ለመሄድ ሲነሣ የእርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። ፓይለቶቹ ሊመልሱት ቢሞክሩም ሞተሮቹ ጠፍተው አውሮፕላኑ በሆዱ መሬት ላይ ወደቀ፣ እሳትም ተነሣ። 35 ሰዎች ሞቱ። እርግብ ስንት ግራም ትመዝናለች? ጥንብ አንሳ ስንት ኪሎ? ከፍታም ቢሆን አያስጥልም፤ በተመዘገበው ታሪክ ከሁሉ በላይ የበረረው ወፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ከአቢጃን በላይ 11,300 ሜትር ላይ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨ የሩፔል ጥንብ አንሳ ነው። ወፉ የተሰየመበት ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ አገራችንን የዞረ ጀርመናዊ ነበር።

«ታዲያ አሞራውን ማባረር ነዋ!» የሚል ይኖራል። የት ይባረራል? የሩፔልና ጀርባ ነጩ ጥንብ አንሳ ሁለቱም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከዓለም ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡ ወፎች መዝገብ ላይ ተጽፈዋል፤ በአፍሪካ ዋናው ገዳያቸውም መርዝ ነው። በየከተማችን ዳርቻ የሞተ ከብት የሚያነሣልን ሌላ ማን አለ? መፍትሔው ያለው ወፉ የሚመጣበትን ምክንያት ከማኮብኮቢያው ማራቅ ላይ ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ የቆሻሻ መጣያ ከአየር ማረፊያ በ13 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ እንዳይሆን ይመክራል። ቄራም፣ የቆዳ መጣያም ያው ነው፤ አሞራ ለስሙ አይጨነቅም። በወለጋ ከተሞች 13 ኪሎ ሜትር ማለት ብዙ ጊዜ ከከተማው ወጥቶ የሚቀጥለው ቀበሌ ገበሬ መሬት ላይ መድረስ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቶችም እንደሚከብዳቸው ይገባኛል። ነገር ግን የአሞራ መንገድ ቆሻሻ ባለበትና ተርማል ባለበት መካከል የሚሰመር ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ማዘጋጃ ቤቱ ያውቀዋል፣ ሁለተኛውን ደግሞ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው ከእኛ ትምህርት ክፍል ቢሆን ምን ይከለክለናል? ወፍ ይዞ መሣሪያ ማሰር ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል፣ መሣሪያውም ውድ ነው፤ እሱን ለጊዜው እንተወው። የንፋስ ዋሻም የለንም። ሁለት ቴርሞሜትር ግን አለን። አንዱን ነቀምቴ ጥላ ሥር፣ ሌላውን ዴዴሳ ድልድይ አጠገብ ጥላ ሥር አድርጎ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ መመዝገብ የሁለት ተማሪ ሥራ ነው። በ700 ሜትር ልዩነት የታቹ ከላዩ በ7 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ አየሩ ለመነሣት ተዘጋጅቷል። ሦስተኛው ተማሪ ተረተሩ ላይ ቁጭ ብሎ የመጀመሪያው አሞራ ሳያርገበግብ መዞር የጀመረበትን ሰዓት ይጻፍ፤ የዙሩን ጊዜም በስልኩ ይቁጠር። ሁለቱ ሰዓቶች በየወሩ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢመዘገብ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይበቃል። የመጀመሪያው ቴርሞሜትር ከጥቅምት መባቻ በፊት መሰቀል አለበት፤ ከዚያ በፊት ያለው ደመና ንባቡን ያበላሸዋል።